ወጣቱ ሐኪም መምራትን የሚማረው መቼ ነው?

በቤይሩት ምሥራቃዊ ዳርቻ በናባዓ፣ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሌሊት ታመው ሆስፒታል ቢደርሱ፣ በድንገተኛ ክፍል የሚቀበላቸው ብዙውን ጊዜ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ሳይሆን ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ ጥቂት ዓመት የሆነው ተረኛ ሐኪም ነው። በአገር ቤትም እናታቸው ወይም አባታቸው በወረዳ ከተማ ሆስፒታል ሲተኙ፣ የሚያክማቸው ብቻ ሳይሆን የሆስፒታሉን የሕክምና ሥራ በኃላፊነት የሚመራው ሰው ጭምር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ያለ ጠቅላላ ሐኪም ሊሆን ይችላል።

የሕክምና ትምህርት በሽታን መለየትንና መድኃኒት ማዘዝን በሚገባ ያስተምራል። ነርሶችን፣ አዋላጆችን፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎችን፣ ካርድ ክፍልንና የጽዳት ሠራተኞችን ለአንድ ታካሚ ሲባል አስተባብሮ መምራትን ግን ለረጅም ዘመን ራሱን እንደቻለ ትምህርት አልቆጠረውም። መሪነት ከዕድሜና ከልምድ ጋር በራሱ ጊዜ የሚመጣ ጸጋ ተደርጎ ይታይ ነበር። ባለፉት ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት ይህ አስተሳሰብ በብዙ አገሮች ተለውጧል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ኃላፊነቱ ልምዱን አይጠብቅም። ወጣቱ ሐኪም ሹመት ከማግኘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በመጀመሪያው የሌሊት ተረኛነቱ መምራት ይጀምራል።

የቤይሩት ሆስፒታሎች ያዩት ምሽት

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020) ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ በቤይሩት ወደብ ተከማችቶ የነበረው 2,750 ቶን ገደማ የሚገመት አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ6 ሺህ በላይ ቆሰሉ፤ 300 ሺህ ያህል ሕዝብ መጠለያ አጣ። የናባዓና የቡርጅ ሐሙድ ነዋሪዎች ያን ምሽት አይረሱትም። ከተጎዱት መካከልም ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ጉዳቱ ሆስፒታሎቹን ራሳቸውን አልማረም። ከናባዓ የቤይሩትን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኘው የካራንቲና የመንግሥት ሆስፒታል፣ በአሽራፊዬ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታልና የሮዛሪ ሆስፒታል ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል አራት ነርሶች ሕይወታቸውን አጡ። የተረፉት ሠራተኞች ራሳቸው ቆስለው ሳለ ሕሙማንን በደረጃ እየተሸከሙ አወረዱ፤ ደጅ ላይና መኪና ማቆሚያ ላይ ቁስል ሰፉ። ጉዳቱ በቀነሰባቸው ሆስፒታሎች ደግሞ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የቤይሩት የሕክምና ማዕከል ጭምር፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁስለኞች ጎረፉ።

እንዲህ ባለ ሰዓት የሚጠየቀው የቀዶ ሕክምና ችሎታ ብቻ አይደለም። በብዙ ቁስለኞች መካከል መጀመሪያ የሚደረገው ሥራ መለየት ነው፤ ወዲያው ካልታከመ የሚሞተው፣ ጥቂት መጠበቅ የሚችለውና በእግሩ ሄዶ ተራ ሊይዝ የሚችለው ይለያሉ። በሕክምናው ዓለም የታወቀው ደንብ እንደሚለው፣ ይህን የሚለየው ሰው እጁን በአንድ ቁስለኛ ላይ ማሰር የለበትም። ቆሞ አጠቃላዩን ማየት፣ ሰው መመደብ፣ ደምና ፈሳሽ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን አለበት። ይህ ለማከም ብቻ የተማረን ወጣት ሐኪም እጅግ ይከብደዋል። በፊቱ የሚደማ ሰው እያለ እጁን ሰብስቦ ሌሎችን ማዘዝ ግዴታን መሸሽ ይመስለዋልና። በልምምድ ያልተማረው ሰው ይህን በአደጋው ሰዓት አይፈጥረውም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሊባኖስ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች የኪስ መልእክት መቀበያ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ፈንድተው ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሲቆስሉ፣ ያው ፈተና በሌላ መልክ ተመለሰ። ጉዳቱ በአብዛኛው ዓይንና እጅ ላይ በመሆኑ፣ የዓይን ሐኪሞች ከጀማሪ ሬዚደንት እስከ አንጋፋው ድረስ ቀንና ሌሊት ሠሩ። ማን ያርፋል፣ ማን ይተካል፣ የትኛው ታካሚ ቀድሞ ይገባል የሚለውን መወሰን ከቀዶ ሕክምናው እኩል ሥራ ነበር።

አመራር ሹመት አይደለም

“የአመራር ሥልጠና” ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ቢሮ፣ ማኅተምና የስብሰባ ጠረጴዛ ነው። በሕክምና ውስጥ ግን ቃሉ ከዚህ ይቀርባል። ጀማሪ ሐኪም የሚማረው አመራር በአምስት ነገሮች ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው ራስን ማወቅ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነን ነገር በጊዜ አውቆ አንጋፋውን ሐኪም ከእንቅልፉ መቀስቀስ ድክመት ሳይሆን የመሪ ውሳኔ ነው። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ወጣቱ ባለማወቁ ሳይሆን አለማወቁን ለመናገር በማፈሩ ነው።

ሁለተኛው ሥራን በስም ማከፋፈል ነው። በድንገተኛ ክፍል “አንድ ሰው ደም ያምጣ” የሚል ትእዛዝ የማንም ትእዛዝ አይደለም፤ ሁሉም ሌላው የሄደ ይመስለዋል። የሠለጠነ ሐኪም ነርሷን በስሟ ጠርቶ ይነግራታል፤ እርሷም የሰማችውን ደግማ ትናገራለች፤ ስትፈጽምም ታሳውቃለች። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” የሚባለው እውነት የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሎሚ ለይቶ ሲያውቅ ነው።

ሦስተኛው ርክክብ ነው። የቀን ተረኛ ሲወጣ የሌሊት ተረኛ ሲገባ፣ የታካሚው ታሪክ በሁለት ሰዎች መካከል ያልፋል። ምን ታዘዘ? የትኛው የላቦራቶሪ ውጤት ገና ይጠበቃል? ሌሊት ምን ሊከሰት ይችላል? ይህ በሥርዓት ካልተላለፈ፣ ምሽት ላይ የተላከ የደም ምርመራ እስከ ጠዋት የሚያየው ሳይኖር ሊያድር ይችላል።

አራተኛው የሆስፒታሉን አሠራር ማወቅ ነው። መድኃኒት ለምን ያልቃል? የኦክስጅን ሲሊንደር ማን ያስሞላል? አምቡላንስ ለምን ይዘገያል? እነዚህን የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ናቸው ብሎ የሚያልፍ ሐኪም፣ ያዘዘው መድኃኒት ታካሚው ዘንድ ሳይደርስ ሲቀር ወቀሳውን በሌላ ላይ ከመጣል ውጭ ምርጫ አይኖረውም።

አምስተኛው መስማትና መናገር ነው። ከነርስ፣ ከጽዳት ሠራተኛ ወይም ከታካሚው ቤተሰብ የሚመጣን ማስጠንቀቂያ ሳይንቁ መስማት፣ ከበላይ ሐኪም ጋር የማይስማሙበትን ነገር በአክብሮት ግን በግልጽ መናገር፣ መጥፎ ዜናን ለቤተሰብ በሰው ወግ ማድረስ ይማራል። በኢትዮጵያም ሆነ በሊባኖስ ታላቅን ማክበር ሥር የሰደደ ባህል በመሆኑ፣ ይህ አምስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ሥልጠናው ክብርን አያስቀርም። አክብሮ መናገር እንደሚቻል ያሳያል።

ወረቀቱና ሰዎቹ

የእነዚህ ነገሮች ዋጋ በቁጥር ተለክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀዶ ሕክምና ያዘጋጀው 19 ነጥቦች ያሉት የደኅንነት መጠይቅ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞከረ። ከከተሞቹ መካከል የዮርዳኖሷ አማን፣ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ፣ ኒው ዴልሂና ለንደን ይገኙበታል። መጠይቁ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ይነበባል። ከነጥቦቹ አንዱ በክፍሉ ያሉ ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግር የሚገጥማቸው ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አሉ። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፤ አዲስ መድኃኒትም አልተገኘም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ሆስፒታሎች ይኸው መጠይቅ በግዴታ ሥራ ላይ እንዲውል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የ101 ሆስፒታሎች ጥናት ግን በሞትም ሆነ በጉዳት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ከዚያ በኋላ በባለሙያዎች መካከል ረጅም ክርክር ተነሥቷል። ብዙዎች የሰጡት ማብራሪያ፣ መጠይቁ ከልብ ሲነበብና ለይስሙላ ሲሞላ አንድ አይደለም የሚል ነው። ወረቀቱን መሙላት ማንም ይችላል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ ነርሷ “ቆይ፣ ፋሻው ጎድሏል” ስትል ቢላዋው እንዲቆም ማድረግ ግን መሪ ይፈልጋል። ሥልጠናው የሚያስፈልገውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ከጎንደር የተጀመረ ልምድ

ለኢትዮጵያ ይህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር በመተባበር ያቋቋመው ነበር። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድ ግቢ አሠለጠነ።

ኮሌጁን ልዩ ያደረገው ያሠለጠናቸው ሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ የማሠልጠኛው ስልት ነው። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ይኖራሉ፤ አብረው ያቅዳሉ፤ የአካባቢውን ችግር አጥንተው አብረው መፍትሔ ይሞክራሉ። የወደፊቱ የጤና ጣቢያ ኃላፊ መሪነትን በንግግር ሳይሆን ውኃ ምንጭ በማጽዳት፣ ሽንት ቤት በማስቆፈርና ክትባት በማዳረስ ሥራ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር እየተከራከረ ይማር ነበር። ይህ የቡድን ሥልጠና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር እስከ ዛሬ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም፣ የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መመሪያው አድርጎ በዚሁ መንገድ ሄዷል።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ጥያቄው መሪነት ከሕክምና ጋር ይማራል ወይስ አይማርም የሚል አይደለም። ለጤና ጣቢያ የተሠራው በሆስፒታል ለሚሠራው ወጣት ሐኪምም ይድረስ የሚል ነው።

በወረዳ ሆስፒታል ያለው ጫና

በኢትዮጵያ የጤና አደረጃጀት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ይጠበቃል። በአገር አቀፍ ደረጃ ለ10 ሺህ ሰው ያለው ሐኪም አንድ ገደማ ነው። በሊባኖስ ከምጣኔ ሀብት ቀውሱ በፊት ለ1 ሺህ ሰው ከሁለት በላይ ሐኪሞች ነበሩ፤ ይህም ከኢትዮጵያው ሃያ እጥፍ ያህል ነው። ሐኪም በሚያንስበት ቦታ ተዋረዱ አጭር ይሆናል። በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ከጀማሪው በላይ ሬዚደንት፣ ከሬዚደንቱ በላይ ስፔሻሊስት አለ። በወረዳ ሆስፒታል ግን ትናንት የተመረቀው ወጣት ነገ የሕክምና ዳይሬክተር ሊባል ይችላል።

ኃላፊነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ምጥ የጠናባት እናት ሌሊት ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ትመጣለች እንበል። አዋላጇ ልጁ በተፈጥሮ መንገድ እንደማይወለድ ታረጋግጣለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በምታሠለጥናቸው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አማካይነት ቀዶ ሕክምናው እዚያው ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ባለሙያው ብቻውን አይሠራም። ሰመመን ሰጪው ከቤቱ መጠራት አለበት፤ ደም መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሊኖረው ይገባል፤ የቀዶ ሕክምና ልብሱ ታጥቦ በእንፋሎት የጸዳ መሆን አለበት። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው እናቲቱ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምትገባበትን ጊዜ የሚወስነው የአንድ ሰው እጅ ሳይሆን የቡድኑ ቅንጅት ነው። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የያዘው ሌሊቱን ሳይሆን ከሳምንት በፊት አንድ ሰው ስለጠየቀ ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ወጣቱ የሕክምና ዳይሬክተር ነው።

በዚህ መስክ በኢትዮጵያ የተሠራ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሆስፒታሎች በሙያው በሠለጠኑ ሥራ አስፈጻሚዎች እንዲመሩ የሚያደርግ ለውጥ ተጀመረ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሳይለቁ፣ የየሆስፒታላቸውን ችግር የትምህርታቸው ርዕስ አድርገው ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አገር አቀፍ የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2015 በኋላ ሥራ ላይ የዋለው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገ። እነዚህ እርምጃዎች በአብዛኛው ያተኮሩት ኃላፊነት በያዙ ሰዎች ወይም በባለሙያው ሁሉ ጠባይ ላይ ነው። በመካከል ያለው፣ ገና ኃላፊነት ሊረከብ የተቃረበው ወጣት ሐኪም፣ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል።

ሥልጠናው በምን መልክ ይሰጣል?

በዓለም ላይ ሦስት መንገዶች ይታወቃሉ።

አንደኛው መንገድ አመራርን የሕክምና ትምህርቱ አካል ማድረግ ነው። ካናዳ ሐኪም ሊኖሩት ይገባሉ የምትላቸውን ሰባት ሚናዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ስታድስ፣ ቀድሞ “ሥራ አስኪያጅ” ይባል የነበረውን ሚና “መሪ” ብላ ሰየመችው። መልእክቱ ማንኛውም ሐኪም ሹመት ቢኖረውም ባይኖረውም መሪ ነው የሚል ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ሬዚደንት ሐኪም የሚመዘንባቸው ስድስት ብቃቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል የሰዎች ግንኙነትና የጤና ሥርዓቱን አሠራር አውቆ መሥራት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1867 የሕክምና ትምህርት የጀመረው የቤይሩቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም የሬዚደንት ሥልጠናውን በዚሁ ሥርዓት ዓለም አቀፍ መለኪያ ያስመዝናል። በዚህ ሥርዓት በመጨረሻው ዓመት ከሬዚደንቶች መካከል አለቃ ይመረጣል። እርሱም የተረኛ ሠሌዳ ያወጣል፤ በባልደረቦች መካከል የተነሣ ቅሬታ ይፈታል፤ ታናናሾቹን ያስተምራል። ብዙ ሐኪም መሪነትን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የሚለማመደው በዚህ ወንበር ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለተወሰነ ጊዜ ከአልጋው ዳር ራቅ ብሎ መማር ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረ መርሐ ግብር፣ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ የጤና ተቋም የሕክምና ዳይሬክተር ሥር ተመድበው፣ አንድ እውነተኛ የአገልግሎት ችግር እንዲፈቱ ይደረጋል። በጀት እንዴት እንደሚጸድቅ፣ ለውጥ ለምን እንደሚዘገይ፣ መልካም ሐሳብ በስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚሞት በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ ወደ ሕክምናቸው ይመለሳሉ።

ሦስተኛው በሥራ ቦታ በቡድን የሚሰጥ ሥልጠና ነው። በዓባይ ዳር በምትገኘው በግብፅ አስዋን እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተው ስልት ለዚህ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያም የጤና አመራር ሥልጠናዎቿን ስታዘጋጅ ከዚህ ስልት ተጠቅማለች። ሐኪሙ ብቻውን ወደ ሆቴል አዳራሽ አይጠራም፤ ከነርሱና ከአዋላጁ ጋር፣ ከነሥራው ይሠለጥናል። ቡድኑ በወራት ውስጥ ሊለካ የሚችል አንድ ውጤት ይመርጣል፤ ለምሳሌ በወር ውስጥ ለቅድመ ወሊድ ክትትል የሚመጡ እናቶችን ቁጥር መጨመር ሊሆን ይችላል። አሁን የት እንዳለ ይቆጥራል፤ እንቅፋቱንና ሥሩን ይፈልጋል፤ ይሞክራል፤ ደግሞ ይቆጥራል። አሠልጣኙ በየጊዜው ተመልሶ ይጎበኛቸዋል።

ሦስቱ ሲነጻጸሩ ለኢትዮጵያ ወረዳ ሆስፒታል የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ሐኪሙን ከታካሚው አያርቅም፤ ከጎንደሩ የቡድን ሥልጠና ጋርም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ሥልጠና የማይፈታው

የአመራር ሥልጠና የደመወዝ፣ የመድኃኒትና የመብራት ምትክ አይደለም። ባዶ ፋርማሲን በጥሩ ንግግር መሙላት አይቻልም። ሊባኖስ ለዚህ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የአገሪቱ ገንዘብ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን ሲያጣ ሐኪሞች መሰደድ ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 እንዳስታወቀው፣ ከሐኪሞቹ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት፣ ከነርሶች ደግሞ ወደ 30 በመቶ የሚጠጉት ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው አገሪቱን ለቀዋል። አንጋፋው ሲሄድ ወጣቱ ያለ ጊዜው አንጋፋ ይሆናል። ከላዩ የሚጠይቀው ሰው ያንሳል፤ ከታቹ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል።

በኢትዮጵያም ሌላ ችግር አለ። በወረዳ የሠለጠነ ወጣት ሐኪም ጥቂት ቆይቶ ለስፔሻላይዜሽን ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳል፤ ሆስፒታሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሥልጠናው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ከተደረገ አብሮት ይሄዳል፤ በቡድን ከተደረገ ግን ነርሷና አዋላጇ ይዘውት ይቆያሉ። የሥልጠና አበልና የምስክር ወረቀት ዋናው ነገር ሆኖ፣ ከአዳራሹ ከተወጣ በኋላ በሥራ ቦታ ምንም ሳይለወጥ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የሥልጠና መለኪያው ስንት ሰው ተሳተፈ የሚለው ሳይሆን፣ ከሥልጠናው በኋላ ታካሚ ስንት ሰዓት ጠበቀ፣ ስንት እናት በጊዜ ቀዶ ሕክምና አገኘች የሚለው ሊሆን ይገባል።

ለታካሚው ምን ትርጉም አለው?

በናባዓ ለሚኖር ሠራተኛ ይህ ሁሉ የሐኪሞች የውስጥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በደንብ የሚመራ ክፍልና መሪ የሌለው ክፍል ከአልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ይለያሉ። በደንብ በሚመራው ክፍል ሐኪሙ ስሙን ይናገራል፤ ነርሷ ሐኪሙ ያለውን ታውቃለች፤ ተረኛ ሲቀያየር አዲሱ ሐኪም ታሪኩን ከመጀመሪያው አይጠይቅም። መሪ በሌለው ክፍል ግን ታካሚው አንዱን ታሪክ ለአራት ሰው አራት ጊዜ ይናገራል፤ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል።

ቋንቋው አረብኛ ወይም ፈረንሳይኛ በሆነበት አገር ለሚታከም ኢትዮጵያዊ ደግሞ ርክክቡ ይበልጥ ይከብዳል። ታካሚው የተናገረው በአስተርጓሚ ወይም በስልክ ላይ ባለ ዘመድ በኩል ያልፋል። ወጣቱ ሐኪም “ገባህ?” ብሎ ራስ ሲነቀነቅ ካየና ከሄደ፣ አልተግባቡም ማለት ነው። የሠለጠነው ሐኪም ታካሚው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ይጠይቃል። መድኃኒቱን ስንት ጊዜ እንደሚወስድና ምን ሲያይ ተመልሶ እንደሚመጣ አረጋግጦ ይለያል።

ታካሚውም ሆነ አስታማሚው በኩላቸው ይህን ሥርዓት ሊያግዙ ይችላሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ስም፣ የማይስማማቸውን መድኃኒትና ያለባቸውን በሽታ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። “ዛሬ ሌሊት ለእኔ ኃላፊው ሐኪም ማን ነው?” ብሎ መጠየቅ አለመከባበር አይደለም፤ መልስ ከሌለው ጥያቄው ራሱ መልስ እንዲፈለግለት ያደርጋል። ተረኛ ሲለወጥ የሚጠበቅ የምርመራ ውጤት ካለ ማስታወስ፣ የተባለውን መልሶ በመናገር ማረጋገጥ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት መጠየቅም እንዲሁ። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ይጠራል።

ለአገር ቤት ቤተሰብ የሕክምና ወጪ የሚልኩ ሰዎችም ጥያቄያቸው ከገንዘቡ መድረስ አልፎ ሊሄድ ይችላል። አባትየው የት ሪፈር ተባሉ? ወረቀታቸውን ማን ያዘ? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ላኪው እነዚህን ቢጠይቅ በሌላው ጫፍ ያለው ወጣት ሐኪም ሥራውን በሥርዓት እንዲይዝ ያግዘዋል።

ሐኪም በአንድ ጊዜ አንድ ታካሚ ያድናል፤ ቡድኑን መምራት ሲችል ደግሞ እርሱ በእንቅልፍ ላይ ባለበት ሰዓትም ታካሚ ይድናል። ይህን የሚያስተምረው ትምህርት መጀመር ያለበት ሐኪሙ ቢሮ ሲገባ ሳይሆን፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ የመጀመሪያውን ሌሊት ተረኛ ሲሆን ነው።